ሲሶ፣ አስራትና ከመቶ፦ በአቦምሳና በአርሲ የድርሻ ስሌት ታሪክ

አንድን ነገር ከመቶ ማስላት ሙሉውን መቶ ነው ብሎ ወስዶ ክፋዩ ስንት እጅ እንደሚሆን መለየት ነው። በአቦምሳ ከተማ ይህ ስሌት በሱቁ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በቡና መጋዘኑና በደመወዝ መክፈያው ጠረጴዛ ላይ በየዕለቱ ይሠራል፤ መሣሪያውም ትንሽ ካልኩሌተር ወይም ስልክ ነው። ድርሻን መቁጠር ግን በአካባቢው ከካልኩሌተሩም ከመቶውም ይቀድማል። ዛሬ በመቶኛ የሚነገረው ነገር በቀደመው ዘመን እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦና አስራት ይባል ነበር። መቶኛው የእነዚህን ቦታ የያዘው ቀስ በቀስ፣ በመሬት፣ በገንዘብ፣ በግብርና በብድር ሕግ በኩል ገብቶ ነው። ዘመኑ በተለወጠ ቁጥር የድርሻው ስምና መሣሪያው ተለውጠዋል፤ ሰውን ያጨቃጨቀው ጥያቄ ግን ያው ነበር፦ ድርሻው የሚታሰበው ከምን ላይ ነው?

አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አርሲ በጭላሎ፣ በጢቾና በአርባ ጉጉ አውራጃዎች ተከፍሎ ይተዳደር በነበረበት ዘመን ደግሞ የአርባ ጉጉ አውራጃ መቀመጫ ነበረች። ደጋው የገብስና የስንዴ፣ ወይናደጋው የቡና አገር ነው፤ ወደ አዋሽ ሲወረድ በመስኖ ቲማቲምና ብርቱካን ይለማል። ዝናብ ጠብቆ የሚያርሰው፣ ቡና የሚያደርቀውና ውኃ ስቦ የሚያለማው ገበሬ ድርሻ የሚያስቡበት ልማድም የየራሳቸው ነው።

አርሲ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. በተካሄዱ ተከታታይ ዘመቻዎች በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ የመሬቱ ሥሪት በድርሻ ቋንቋ ተደነገገ። በደንቡ መሠረት ሲሶው ለአገሬው ባላባት ሲተው ሁለቱ እጅ የመንግሥት ሆነ፤ ከዚህም ለወታደሩ፣ ለሹማምንቱና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። የክፉ ቀን ረሃብ ባበቃበት በ1880ዎቹ አጋማሽ ምኒልክ ሠራዊቱ ከገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱን ለማስቀረት አስራት፣ ማለትም ከምርቱ ከአሥር አንዱ፣ ለመንግሥት እንዲገባ አዘዙ። መሬት የሌለው አራሽ በበኩሉ ለባለመሬቱ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ይከፍል ነበር። በሬውንና ዘሩን ባለመሬቱ ከሰጠ ድርሻው ወደ እኩል ከፍ ይላል፤ ሁሉንም አራሹ ከቻለ ወደ ሲሶ ወይም ወደ እርቦ ዝቅ ይላል።

እነዚህ ክፍልፋዮች ያለ ወረቀትና ያለ ቁጥር ይሠሩ ነበር። ዐውድማ ላይ እህሉ ሲሰፈር ለባለመሬቱ አንድ ቁና፣ ለአራሹ ሁለት ቁና እያሉ ሲሶውን መለየት ይቻላል፤ ስሌቱ በስፍሩ ውስጥ ስላለ ማንም ቆሞ ያየዋል። አስራትም አስቸጋሪ አልነበረም። ዳውላው 20 ቁና ስለሆነ ከእያንዳንዱ ዳውላ 2 ቁና ይወጣል። በዚህ ረገድ የዐውድማው ሒሳብ ከዛሬው ይልቅ ግልጽ ነበር ማለት ይቻላል፤ ተካፋዩ ፊደል ባይቆጥርም ድርሻው ሲሰፈር በዓይኑ ያይ ነበርና።

ግልጽ ያልነበረው ከመስፈሩ በፊት የሚነሣው ነገር ነው። አሥር ኩንታል ምርት እንደ ምሳሌ ይወሰድ። አስራቱ አንድ ኩንታል ቀድሞ ይወጣል፤ የቀረው 9 ኩንታል እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 4 ኩንታል ተኩል ይደርሳል። ለሚመጣው ዓመት ዘር አንድ ኩንታል ከአራሹ ድርሻ ላይ ከተነሣ የሚበላው 3 ኩንታል ተኩል ብቻ ይቀረዋል። ዘሩም ከመካከል ቀድሞ ቢነሣ ኖሮ 8 ኩንታል ተካፍሎ ለአራሹ 4 ኩንታል ይተርፈው ነበር። በሁለቱም መንገድ ውሉ «እኩል» ይባላል፤ ልዩነቱ ግን ግማሽ ኩንታል፣ ለአንድ ቤተሰብ የሳምንታት ቀለብ ነው። የአርሲ ጭሰኛ የኖረበት ጭቆና በከፊል የተሸሸገው እዚህ ላይ ነበር፤ የድርሻው ስም ሳይለወጥ መነሻው ይለወጥበት ነበር።

ከመሬቱ ሥሪት ጎን ለጎን ሃይማኖት የደነገገው ድርሻ ነበር፤ አሁንም አለ። ክርስቲያኑ ለቤተ ክርስቲያን አስራት ያወጣል። በአርሲ ብዙ ቁጥር ያለው ሙስሊም ደግሞ ዘካን ያሰላል። ለአንድ ዓመት በእጁ የቆየና ከተወሰነው መጠን፣ ከኒሷቡ፣ የደረሰ ገንዘብ ከአርባ አንድ፣ በመቶኛ ሲነገር 2.5 ይወጣለታል። በዝናብ ከበቀለ እህል ከአሥር አንድ፣ በወጪና በድካም ውኃ ስቦ ከለማ እህል ግን ከሃያ አንድ ይወጣል። ይህ ድንጋጌ ከመቶ 10ንና ከመቶ 5ን የሚለየው በአምራቹ ወጪ ስለሆነ፣ ደጋውና የመስኖው ቆላ ጎን ለጎን በሚገኙበት እንደ መርቲ ባለ ወረዳ የሁለት ጎረቤታሞች ዘካ ላይመሳሰል ይችላል። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ቀንሶ ያሰላ ወይስ ከነዕዳው የሚለው ደግሞ ሊቃውንቱ ሲነጋገሩበት የኖረ ጉዳይ ነው።

በሸሪዓ የውርስ ክፍያ ውስጥ የተወሰኑት ድርሻዎች ስድስት ናቸው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ። ከዚህ በፊት የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ ከሲሶው የማይበልጠው ኑዛዜም ይፈጸማል። ሟች ሚስት፣ እናትና ወንድ ልጅ ቢተው ሀብቱ በ24 ይመደባል፤ ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ለልጅ 17 ይሆናል። ይህ በካልኩሌተር ወደ መቶኛ ሲለወጥ የሚስት ድርሻ 12.5 ሆኖ በትክክል ይወጣል፤ የእናት ግን 16.66666 እያለ ማብቂያ አያገኝም፤ የልጁም 70.83333 ይላል። ለእንዲህ ያለው ክፍያ የጥንቱ ክፍልፋይ ከመቶኛው ይሻላል። ካልኩሌተር ይዞ ውርስ የሚያካፍል ሰው ሀብቱን በቀጥታ ለ24 አካፍሎ በ3፣ በ4 እና በ17 ቢያበዛው ሳንቲም አይጠፋበትም።

መቶኛው ከገንዘቡ ጋር የመጣ ነው። በማርያ ቴሬዛ ጠገራና ከ1886 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተመታው የምኒልክ ብር ዘመን ዝርዝሩ የሚሄደው በግማሽ በግማሽ ነበር፦ አላድ የብር ግማሽ፣ ሩብ የብር አራተኛ፣ ተሙን የብር ስምንተኛ። ብሩ 16 መሐለቅ ሲሆን እኩልና እርቦ በሙሉ ሳንቲም ይወጣሉ፤ ከአሥር አንዱ ግን 1.6 መሐለቅ ስለሚሆን በእጅ ሊቆጠር አይችልም። በ1925 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ብሩን በ100 ማቶና ከፈለ። የጣልያን ወረራ ይህን አቋረጠው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ብር ግን በ100 ሳንቲም ተከፈለና ሥርዓቱ ጸና። ከዚያ ወዲያ «ከመቶ አሥራ ሁለት» ማለት «በብር አሥራ ሁለት ሳንቲም» ማለት ሆነ። ትምህርት ቤት ያልገባ ነጋዴ እንኳን ወለድንና ኮሚሽንን በዚህ መንገድ በቃሉ ሊይዝ የቻለው ሳንቲሙ ራሱ መቶኛ ስለሆነ ነው።

በዚያው በ1937 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ አስራትን ከምርት ድርሻነት ወደ ቁርጥ ገንዘብ ለወጠው። በአርሲና በመሳሰሉት ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱ በጋሻ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተባለ። በጋሻ የሚከፈለው ግብር እንደየደረጃው 15፣ 10 እና 5 ብር ሲሆን፣ በአስራት ፋንታ ደግሞ 35፣ 30 እና 10 ብር ይታከልበት ነበር። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይደርሳል። ይህ ለመንግሥት አሰባሰብ የሚመች ነበር፤ ጠንቁ የታየው በጭሰኛው ላይ ነው። ብዙ ባለመሬቶች ለመንግሥት ቁርጡን ብር እየከፈሉ፣ ከጭሰኛቸው ግን አስራቱን እንደ ድሮው በእህል ከዐውድማ ይወስዱ ነበር። ምርቱና የእህል ዋጋው ባደገ መጠን የእህሉ አሥረኛ ከ35 ብሩ እየበለጠ ሄደ፤ ትርፉም በመካከል ቀረ። ዘመናዊ አዋጅ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ቁርጥ ገንዘብና ከመቶ የሚታሰብ ድርሻ በአንድ እርሻ ላይ ሲገናኙ ሁለቱን የሚያቀያይረው ሰው ያተርፋል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ገደቦችን አስቀመጠ። በገንዘብ ብድር ላይ የሚደረግ የወለድ ውል በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ፣ ተዋዋዮቹ በጽሑፍ ካልወሰኑትም 9 እንዲሆን ደነገገ። የእርሻ መሬት ሲከራይ ደግሞ የባለመሬቱ ድርሻ ከምርቱ ከሦስት አራተኛው እንዳይበልጥ አለ። ሁለተኛው ገደብ ከመቶ 75 መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ጭሰኛን እጠብቃለሁ ያለ ሕግ ለአራሹ ከአራት አንዱ ብቻ የቀረለት ውል ሕጋዊ ነው ብሎ አጸደቀ። አስራት በሕግ የተሻረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ነው።

1960 ዓ.ም. ለአርሲ በሌላም ምክንያት የሚታወስ ዓመት ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ቁሉምሳ ላይ ዘር ይመረምር፣ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያከፋፍል ነበር። ገበሬው ከመነሻው ጥቂት ከፍሎ ቀሪውን ከነወለዱ ከምርት በኋላ እንዲመልስ ነበር ውሉ። ጭሰኛ ከሆነ ግን ከባለመሬቱ ጋር የተፈራረመበትን ማቅረብ ነበረበትና ብዙው በዚህ ተሰናከለ። ትራክተርና ኮምባይነር ሲገቡም ባለመሬቶች ራሳቸው ማረስ መረጡ፤ ከጭላሎ የተፈናቀሉት ጭሰኞች ብዙ ናቸው። ካዱ በ1968 ዓ.ም. አርዱ በሚል ስም ሥራውን ወደ ጢቾና ወደ አርባ ጉጉ ሲያሰፋ አቦምሳም በሥራው ክልል ገባች።

መቶኛ በአርሲ ገበሬ ቤት በጽሑፍ የገባው በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ላይ 18 እና 46 የሚሉ ቁጥሮች ይታተማሉ፤ ከመቶ ኪሎው 18 ኪሎው ናይትሮጅን፣ 46 ኪሎው በፎስፌት መልክ የሚቆጠር ፎስፎረስ ነው ማለት ነው። ዩሪያ 46 ከመቶ ናይትሮጅን ይዟል። በኋላ ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ አለው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዳፕ የሚሰጠውን 46 ኪሎ ፎስፌት ከኤንፒኤስ ለማግኘት 46ን ለ0.38 ማካፈል ያስፈልጋል፤ መልሱ 121 ኪሎ ነው። ጆንያ በጆንያ የሚያወዳድር ገበሬ ይህን ልዩነት ሊያየው አይችልም። የዘር ብቅለት ግን ያለ መሣሪያ ይለካል፦ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ማብቀልና የበቀለውን መቁጠር ነው። 85 ፍሬ ከበቀለ ብቅለቱ 85 ከመቶ ነው፤ ማስላት የለም፣ መቁጠር ብቻ ነው።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኛን ክፍያ ሁሉ ሻረ፤ እኩልና ሲሶ በሕግ ቀሩ። ቦታቸውን የያዘው ኮታ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በገበሬ ማኅበራት ላይ የሚደለድለው እህል ብዛቱም ዋጋውም ከላይ የሚወሰን ስለነበር ከመቶ የሚያሰላው ገበሬው ሳይሆን ቢሮው ነበር። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል በሌላው ዓለም ስሌት ከቢሮ ወጥቶ ኪስ ውስጥ እየገባ ነበር። ለጃፓኑ ቢዚኮም ኩባንያ ካልኩሌተር ተብሎ የተሠራው ኢንቴል 4004 የተባለው ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ቀረበ። በተከታዩ ዓመት ካሲዮ ሚኒ በ12,800 የን ተሸጠች፤ ስድስት አኃዝ ብቻ የምታሳይ ብትሆንም በዋጋዋ ተራው ሰው የሚደርስባት ነበረች። ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ኢኤል 805 በፈሳሽ ክሪስታል ማሳያው የባትሪ ወጪን ቀነሰ፤ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ በብርሃን የሚሠሩ ካልኩሌተሮች መጡ። እንደ አርባ ጉጉ ላለ አገር ዋናው ለውጥ ይህ የመጨረሻው ነው። መብራት ያልገባበት ገበያ ላይ የተቀመጠ የእህል ነጋዴ ባትሪ ሳይገዛ በፀሐይ ብርሃን ያሰላል። ካልኩሌተሩ ትምህርት የነበረውንና ያልነበረውን ነጋዴ በመደመርና በማባዛት አስተካክሏቸዋል፤ የትኛው ቁጥር በየትኛው እንደሚባዛ መወሰን ግን ለሰው ቀረ።

ለሱቅ ነጋዴ ትልቁ ፈተና በ1995 ዓ.ም. መጣ። የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) አዋጅ 285/1994 ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል የሽያጭ ታክስን ተካ፤ መጠኑ 15 ከመቶ ሆነ። ያን ጊዜ መመዝገብ የነበረበት የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በላይ የሆነ ነጋዴ ነው። ከዚያ በታች ያለው ተርን ኦቨር ታክስ፣ በነጋዴው አነጋገር ቲኦቲ፣ እንዲከፍል ተደረገ፦ በአገር ውስጥ በሚሸጥ ዕቃ 2 ከመቶ፣ በአብዛኛው አገልግሎት 10 ከመቶ። ከአገልግሎቶቹ መካከል የሥራ ተቋራጮች፣ ወፍጮ ቤቶች፣ ትራክተርና ኮምባይነር በ2 ከመቶው እንዲታዩ አዋጁ ለይቶ አስቀመጠ። ለአርሲ ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። ስንዴው በኮምባይነር በሚታጨድበት አገር 10 ከመቶ ቢሆን ጭማሪው ከገበሬው ኩንታል ላይ ይወጣ ነበር።

የቫት ስሌት ሲታከል ቀላል፣ ሲነጠል አሳሳች ነው። ዋጋው 1,000 ብር ከሆነ 15 ከመቶው 150 ብር፣ ድምሩ 1,150 ብር ነው። ከ1,150 ብር ውስጥ ቫቱን ለማውጣት እንደገና 15 ከመቶ የሚያሰላ ሰው ግን 172 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል፤ 22 ብር ከ50 ሳንቲም ተሳሳተ። 15 ከመቶው የታሰበው ከ1,000 እንጂ ከ1,150 አይደለምና ትክክለኛው መንገድ 1,150ን ለ1.15 ማካፈል ነው። የትርፍ ሒሳብም እንዲሁ ነው። በ80 ብር ገዝቶ በ100 ብር የሸጠ ነጋዴ ከመግዣው 25፣ ከመሸጫው 20 ከመቶ አትርፏል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለት ሸሪኮች አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ከተነጋገረ ግን መጣላታቸው አይቀርም።

ሒሳብ የማይዙት፣ ደረጃ ሐ ይባሉ የነበሩት ግብር ከፋዮች ደግሞ ይከፍሉ የነበረው በዕለት ገቢ ግምት ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት አዲሱ ግምት ሲወጣ በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ሱቆች የተዘጉት በግብሩ መቶኛ ምክንያት አልነበረም። የዕለት ሽያጩ 1,000 ብር ነው የተባለ ሱቅ በ300 የሥራ ቀን 300,000 ብር ይሸጣል ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱ ወደ 1,500 ብር ከፍ ሲል ዓመቱ 450,000 ብር ይሆናል። ምጣኔው ሳይነካ ግብር የሚታሰብበት ገንዘብ በግማሽ አደገ። የነጋዴው ቅሬታ ዐውድማ ላይ ዘሩ ቀድሞ ይነሣ ከሚለው የአራሹ ቅሬታ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ደመወዝተኛውም የራሱ ስሌት አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር ያለውን ነፃ አድርጎ የቀረውን ከ10 እስከ 35 ከመቶ በደረጃ ከፈለው፤ ሠንጠረዡ ከዚያ በኋላም ተሻሽሏል። በዚያ ሠንጠረዥ 6,000 ብር የሚከፈለው መምህር የሚያርፈው 25 ከመቶ ላይ ነው፤ ይህ ማለት ግን 1,500 ብር ይከፍላል ማለት አይደለም። 25 ከመቶው የሚነካው ከ5,250 ብር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ገንዘብ ያዦች በአጭር መንገድ ያሰሉታል፦ 6,000 በ0.25 ተባዝቶ 1,500፣ ከዚህ 565 ሲቀነስ 935 ብር። የጡረታው 7 ከመቶ ግን ከሙሉ ደመወዙ ስለሚታሰብ 420 ብር ነው፤ ለእጁ 4,645 ብር ይደርሰዋል። ደመወዝ ሲጨመር «ደረጃዬ ስለወጣ ይቀንስብኛል» የሚለው ስጋት በብዙ መሥሪያ ቤት ይሰማል፤ በዚህ አሠራር ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

በእህልና በቡና ንግድ ላይ መቶኛው ክብደትን ይነካል። አሰላ ላይ በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የብቅል ፋብሪካ የቢራ ገብስን ለሚያመርተው ገበሬ እርጥበትን ዋና ጉዳይ አድርጎታል። 16 ከመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ ገብስ 84 ኪሎ ደረቅ ነገር ይዟል። ደርቆ እርጥበቱ 12 ከመቶ ሲሆን ክብደቱ 96 ኪሎ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ 84 ለ0.88 ሲካፈል 95 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በመቶ ኩንታል ላይ ግማሽ ኩንታል ያህል ልዩነት ይመጣል። በቡናም ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ በደረቁ ጀንፈል ላይ ደግሞ ግማሹ ገደማ ገለባ ነው። የእሸት ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ በልቡ በስድስት አባዝቶ ነው የሚመልሰው።

ቡና አምራቹን የነካ ሌላ መቶኛ ከውጭ ምንዛሪ የመጣ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲቀየር ዶላሩ በብር 141.5 ከመቶ ተወደደ ማለትም፣ ብሩ በዶላር 58.6 ከመቶ ወደቀ ማለትም ትክክል ነው። አንዱ የሚሰላው ከ2.07፣ ሌላው ከ5 ነው። ብር ዋጋው በተለወጠ ቁጥር በጋዜጣ የሚወጡት ቁጥሮች የማይገጥሙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በብድር ላይ ሥነ ስሌቱን አለማወቅ ከሁሉም በላይ ይጎዳል። 10,000 ብር ለአንድ ዓመት በ12 ከመቶ የተበደረና ዋናውን በ12 ወር እኩል እየከፈለ የሚጨርስ ሰው፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ዋና ገንዘብ ላይ ከታሰበ 1,200 ብር ይከፍላል፤ በየወሩ ከቀረው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን 650 ብር ብቻ ነው። ውሉ ላይ የሚነበበው 12 ከመቶ አንድ ነው። አራጣ ደግሞ በወር 10 ከመቶ ሲሆን ቁጥሩ ከባንኩ 12 ያነሰ ይመስላል። 1,000 ብር የተበደረ ሰው ወለዱን ሳይከፍል ወለድ ወለድ እየወለደበት ዓመት ቢሞላው ዕዳው 3,138 ብር ይደርሳል። በካልኩሌተር 1,000ን አሥራ ሁለት ጊዜ በ1.1 እያባዙ ማየት ይቻላል። ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ሙስሊም በኋላ በተፈቀደው ወለድ አልባ የባንክ አገልግሎት ዕቃውን ባንኩ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥለታል፤ የሽያጩ ዋጋ ከመነሻው ተቆርጦ ስለሚታወቅ ሲዘገይም አያድግም።

የካልኩሌተሩ የመቶኛ ቁልፍ ራሱ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። በብዙ የጠረጴዛ ካልኩሌተሮችና በአብዛኞቹ የስልክ ማስሊያዎች 1,000 ተጽፎ መደመር፣ 15፣ የመቶኛ ምልክት ሲጫኑ 1,150 ይወጣል። አንዳንድ የካሲዮ የጠረጴዛ ማሽኖች ግን መጀመሪያ ማባዛት፣ ቀጥሎ 15፣ የመቶኛ ምልክት፣ መጨረሻ ላይ መደመር እንዲጫኑ ይጠይቃሉ። በተማሪዎች የሳይንስ ካልኩሌተር ላይ ምልክቱ ለመቶ ማካፈል ብቻ ስለሆነ 1,000 ሲደመር 15 ከመቶ 1,000.15 ይላል። በማንኛውም መሣሪያ የማይለዋወጠው ማባዛቱና ማካፈሉ ነው፦ ለመጨመር በ1.15 ማባዛት፣ የተጨመረውን ለማውጣት ለ1.15 ማካፈል፣ 15 ከመቶ ቅናሽ ለማድረግ በ0.85 ማባዛት፣ ከቅናሹ በፊት የነበረውን ዋጋ ለማወቅ ለ0.85 ማካፈል። የመቶኛ ቁልፉን ከመጠቀም በፊት በ100 እና በ15 መሞከር መሣሪያው የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ያሳያል፤ 115 ካወጣ በመደመር፣ ካላወጣ በማባዛት ይሠራበታል።